የቅዳሜዋ ፔኒ

በሼፊልድ ከተማ፣ ምድር ቤት፣ ከቧንቧው ሥር፣
መጥረጊያዬ ነክቶት ወደቀ አንድ ነገር፤
ጀርባው የተላጠ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፣
የመዋጮ መዝገብ፣ መቶ ዓመት የረሳው።
ቀለሙ ወይቧል፤ ስሙ ግን ይነበባል፦
«ኢኖክ ስታኒፎርዝ፣ ስለት ሞራጅ» ይላል።

የአባቴ አያት ነው። ፎቶ እንኳን የለውም፤
ሲያወሩ እንደሰማሁ፣ ከሳሉ ሌላ ድምፅ አልነበረውም።
የድንጋዩ ትቢያ ገብቶ በአፍንጫና በአፍ፣
ደረቱ ያፏጭ ነበር፣ እንደ ተቀደደ ወናፍ።
ጎህ ሳይቀድ ወንዙ ዳር፣ ድንጋዩ ላይ ጎብጦ፣
ጌቶች ሥጋ የሚቆርጡበትን ቢላ ስሎ፣ አብለጭልጦ፣
የእሱ ግን እራቱ
በጥርስ የሚቦጨቅ ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ቢላም የለ ከቤቱ።

አንድ ቅዳሜ ቀን፣ በደመወዝ ሰዓት፣
በፋብሪካው በር ላይ ተለጠፈ ወረቀት፦
«ይህች የብረት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያሻታል፤
የአንድ ሠራተኛ ፔኒ አንድ ጡብ ይሆናታል።»
ማንበብ የሚችል ሳቀ፤ የማይችል አስነብቦ ሳቀ።
«ለጌታ ልጅ ወንበር እኛ ልንሆን ከፋይ!
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»
አለ አንዱ ቀጥቃጭ።
ኢኖክ ግን ዝም ብሎ፣ ከትምባሆው ቀንሶ፣
አኖረ አንድ ፔኒ፣ በሸሚዙ አብሶ።

ለምን?
መዝገብ «ለምን» አይጽፍም።
ፔኒ፣ ጭረት፤ ፔኒ፣ ጭረት፤ ቅዳሜ ከቅዳሜ።
መጋቢት ላይ ሲደርስ ግን ሁለት መስመር ባዶ ነው።
ታሞ ይሆናል ብዬ ላልፍ ስል፣
ከዳር፣ በቀጭን ብዕር፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ አየሁ፦
«ሴት ልጁን ቀበረ።»
በሦስተኛው ቅዳሜ ሦስት ፔኒ ነበረ።

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

ቀዩ ጡብ ቤት ቆመ፤ ሙዚቃ፣ ፈረስ፣ የሐር ካባ፤
ኢኖክ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየ እንጂ አልገባ።
ልጁ አምብሮዝ ገባ፤ ማታ፣ በጎን በር፣
ጥላሸቱን ታጥቦ፤ ከጥፍሩ ሥር ግን ነበር።
መምህሩ የግለቱን ልክ ጻፈ በጠመኔ፤
«ጌታዬ፣» አለ አምብሮዝ፣ «ቁጥሩን አላውቅም እኔ፤
ብረቱ ራሱ ነው የሚነግረን።
መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፤ ያኔ ለምላጭ ነው።
ቆይቶ ማር፣ ቆይቶ ወይን ጠጅ።
ሰማያዊ ከሆነ አልፎታል፤ ለመጋዝ እንጂ
ለጢም አይሆንም።»
መምህሩ ጠመኔውን አኑሮ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
«እስቲ ድገምልኝ» አለ። ያን ማታ ተማሪው ተለወጠ።

እህቱ ሄስተር ደግሞ፣ ማንኪያ ወልዋይዋ፣
ቡናማ ወረቀት ነበር የሥራ ሽርጧ፤
የወንድሟን ደብተር እዚያው ላይ ገለበጠች፣
በምሳ ሰዓት፣ በእርሳስ፣ ጉልበቷ ላይ አጥፋ።
እስከ ማታ በዘይት ይርሳል።
በማግስቱ አዲስ ወረቀት፤ አሁንም ከመጀመሪያው።
ስሟ በየትኛውም የተመራቂዎች ዝርዝር የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ምድጃዎቹ ጠፉ፣ አንድ ባንድ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ።
ኢኖክ ያሳለበት ቤት የተማሪ ማደሪያ ሆነ፤
መስኮቱ ላይ የሩዝ ማብሰያ፣ የብስክሌት ጎማ፣
ከሌጎስ የመጣች ልጅ በስልክ ስትስቅ ትሰማለች።
ትናንት የቸኮሌት ማሽኑ አንድ ፓውንድ በላብኝ፤
በእግሬ አልመታሁትም።
ለዚህ ቤት መክፈል በቤተሰባችን የተለመደ ነው።

መዝገቡን ይዤ ወጣሁ ላይኛው ፎቅ፣ ቤተ መዛግብት፤
ወጣቱ ነጭ ጓንት አጠለቀ፣ ጨቅላ እንደሚያቅፍ ያዘበት።
«ማን አገኘው ልበል?» አለኝ።
«ስታኒፎርዝ በል፤
ያ መጋቢት ላይ ያለው ባዶ፣ ዕዳ እንዳይመስልህ፤
ከፍሏል።»